ሁለት ቅርጫት ሲቀር

ሰው የጀመረውን ጨዋታ ጥሎ ለመሄድ ሰበብ አያጣም። ጉልበት አለ፣ ዝናብ አለ፣ ስልክ አለ። ቁልፌ ሦስቱንም ተጠቅሞባቸዋል፤ አራተኛም ከራሱ ጨምሮበታል። ትክክለኛ ስሙ ሌላ ነው። ግን ከገበያ አዳራሹ መግቢያ አጠገብ፣ አንድ ሰው ብቻ በምታስቀምጥ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ሲቀርጽ ስለኖረ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቁልፌ ይለዋል። የሰውን በር ሁሉ ይከፍታል፤ የራሱን አፍ ግን በስንት መከራ ነው የሚከፍተው።

ያሳደጉት ታላቅ ወንድሙ ናቸው። አባታቸው ሲሞት ቁልፌ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ታላቅየው ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመታቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ጋሼ» እንዳላቸው አለ፤ አንቱታውም ሳይቀር። ጋሼ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ወጡ። ሐኪም በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ ቢላቸው፣ ተሳፋሪ ሳይኖር፣ መድረሻ ሳይኖር ዝም ብሎ መሄድ የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም ብለው አሻፈረኝ አሉ።

መላ የሆናቸው ዲስክ ጎልፍ ነው። ከሰፈሩ መናፈሻ ዛፎች መሐል አሥራ ስምንት የብረት ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በየምሰሶው ላይ ሰንሰለት የተንዠረገገበት ቅርጫት አለ። ሰሃን የምታክል ፕላስቲክ ከሩቅ እየወረወሩ ቅርጫቱ ውስጥ መክተት ነው፤ በጥቂት ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ። ጋሼ የመጀመሪያው ቀን ሰንሰለቱ ሲንሿሿ ሰምተው እንደ ሕፃን ሳቁ። በማግስቱ ሁለት ሰሃን ገዙ፤ ለራሳቸው ቢጫ፣ ለወንድማቸው ቀይ። ከዚያ ወዲህ ለስድስት ዓመት እሑድ ጠዋት የሁለቱ ሆነ።

ጋሼ የአውቶቡሱን ሕግም አብረው ይዘውት መጡ። በነዱት አውቶቡስ ሁሉ ከፊት መስታወቱ በላይ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር። ሌላው ሹፌር ከጽሑፉ ሥር ተቀምጦ ከተሳፋሪ ጋር ሲያወጋ ይውላል፤ ጋሼ ግን እንደ ቃል ኪዳን ያዙት። ስለዚህ በጨዋታው ላይ ቀልድ ይፈቀዳል፣ ሐሜትም ይፈቀዳል፣ ቁም ነገር ግን አይወራም። ቁም ነገር የሚወራው ከአሥራ ስምንተኛው ቅርጫት ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ስሙን «መጨረሻ ፌርማታ» ብለውታል። ጨዋታው ከተቋረጠም በሚቀጥለው እሑድ ከቆመበት ይቀጥላል። ተሳፋሪ መንገድ ላይ አይራገፍም ባይ ናቸው። የቁልፌ ሚስት ጥላው የሄደች ጊዜ ያወራውም ያለቀሰውም እዚያ ወንበር ላይ ነው። የእናታቸው ቤት ሲሸጥም እዚያው ቁጭ ብለው ተማከሩ።

ባለፈው ዓመት የጋሼ ድምፅ ሻከረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ሦስት ወር የሚቆይ ጉንፋን ማን አይቶ ያውቃል። አንድ ረቡዕ ባለቤታቸው እትዬ ሱቁ ድረስ መጡ። ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ መገኘቱን፣ ከወር በኋላ በኦፕራሲዮን እንደሚወጣ፣ ከዕጢው ጋር ግን ድምፃቸውም አብሮ እንደሚሄድ ነገሩት። ከዚያ ወዲያ በአንገታቸው ሥር በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳሉ እንጂ አይናገሩም። ቁልፌ ግማሽ የተቀረጸ ቁልፍ እንደታሰረበት ማሽኑን አጠፋው። እትዬ ሲሄዱ ደህና ይግቡ እንኳ አላላቸውም።

እሑድ ተገናኙ። የመጀመሪያው ቅርጫት ላይ ጋሼ በዚያ በሻከረ ድምፅ፣ «ዛሬ መጨረሻ ፌርማታ ላይ የምነግርህ አለኝ» አሉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ ቁልፌ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ስለ ነፋሱ አወራ። የሚነግሩትን የሚያውቅ መስሎታል። በሽታውን ይነግሩታል፣ ምናልባት አልተርፍም ይሉታል፣ እትዬን አደራ ይሉታል። ይህን ከሌላ ሰው መስማት አንድ ነገር ነው፤ ከጋሼ አፍ መስማት ግን አልችልም አለ በልቡ። እሳቸው ካልነገሩት ነገሩ ያልሆነ ይመስለው ነበር። ሞኝነት ነው፤ ያሳደገውን ሰው ለማጣት የፈራ ግን ከዚህም የባሰ ሞኝ ይሆናል።

ዘጠነኛው ቅርጫት ላይ ጉልበቴን አለና እያነከሰ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ አሥራ ሦስተኛው ላይ ሦስት ጠብታ ወረደች። ይህ ዝናብ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም ብሎ ኮፍያውን አጠለቀ፤ ቤቱ ሳይደርስ ፀሐይ ወጣች። በሦስተኛው እሑድ አሥራ ስድስተኛውን እንደጨረሱ ቀዩን ሰሃን ሆን ብሎ ኩሬው ውስጥ ወረወረው። ጋሼ ቢጫውን በየተራ እንወርውር ቢሉት፣ በሰው ሰሃን እጄ አይታዘዘኝም አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ ሰሃኑ ሲስት የኖረ ሰው ነው ይህን የሚለው። ጋሼ አልተቆጡም። ይሁን፣ ከቆምንበት እንቀጥላለን አሉ። ድምፃቸው ግን ከእሑድ እሑድ እየቀጠነ ነበር፤ ቁልፌም ይህን ይሰማል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል፣ እሑድ ሲደርስ ደግሞ ያው ይሆናል።

በአራተኛው እሑድ ሁለት ቅርጫት ብቻ ቀርቷቸው ተገናኙ። ጋሼ አዲስ ቀይ ሰሃን ገዝተውለት መጥተዋል፤ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ቁልፌ ሰሃኑን ተቀበለና፣ ያልጠራ ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገ። እሺ እሺ፣ መጣሁ አለ ለሌለ ሰው። ከዚያ ለጋሼ አንዲት ሴት በር ተቆልፎባት ሕፃን ልጇ ውስጥ መቅረቱን ነገራቸው።

«ሁለት ቅርጫት እኮ ነው» አሉ ጋሼ።

ቁልፌ ወንድሙ ሰው ሲለምኑ ሰምቶ አያውቅም። ፊቱን ወደ መናፈሻው በር አዞረ።

«በል እንግዲያው ቆይ፣ እዚሁ ልንገርህ።»

ሠላሳ አራት ዓመት በሹፌርነት፣ ስድስት ዓመት ደግሞ በመናፈሻው ውስጥ ያላፈረሱትን ሕግ ሊያፈርሱለት ነው። ይህን ጊዜ ድንጋይ እንኳ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቁልፌ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«ጋሼ፣ ሕፃን ልጅ ነው የተቆለፈበት።»

ጋሼ አመኑት። የሕፃን ነገር ነው፣ ሂድ፣ ሩጥ አሉት። እሱም እስከ መናፈሻው በር ሮጠ፤ ከበሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ አለቀሰ።

ሰኞ ሐኪሞቹ ዕጢው እየገፋ ነው ብለው ቀኑን አቀረቡት። ማክሰኞ ጠዋት ቁልፌ ሆስፒታል ሲደርስ ጋሼ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው በሩ ተዘግቷል። ኮሪደሩ ላይ ከእትዬ ጎን ተቀምጦ ራሱን ማጽናናት ጀመረ። ጋሼ ቢነግሩኝም ባይነግሩኝም ያው ነው፣ እርስዎ አስቀድመው ነግረውኛል፣ በሽታውን ሳላውቅ አልቀረሁም አላቸው።

እትዬ ዞረው አዩት። «በሽታውንማ ሄደሽ ንገሪው ብሎ የላከኝ እሱ ራሱ ነው። አልቅሰህ፣ ወጥቶልህ እንድትመጣ።»

«ታዲያ ምን ሊለኝ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ። ለእኔም አልነገረኝ። ድምፄ ሳለ ነው የምነግረው፣ ወረቀት ላይ የሚጻፍ አይደለም ነው ያለኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ቁልፌ የፈራው አልደረሰም፤ ጋሼ ከሞት ተርፈው ወጡ። የደረሰው ልብ ያላለው ነው። ሲነቁ እጃቸውን ይዞ ጋሼ፣ ውሸቴን ነበር፣ የተቆለፈበት ልጅ የለም አላቸው። ጋሼ እጁን መታ መታ አደረጉት። ያውቁ ነበር፣ ወይም ይቅር ማለታቸው ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አያውቅም።

በሦስተኛው ወር፣ ቁስሉ ሲድን፣ መናፈሻውን በጣታቸው ያሳዩት ጋሼ ናቸው። አንገታቸውን በስስ ጨርቅ ሸፍነው መጡ። አሥራ ሰባተኛውን ቁልፌ በአምስት ውርወራ፣ ጋሼ በአራት ጨረሱ። አሥራ ስምንተኛው ላይ የጋሼ ቢጫ ሰሃን ሰንሰለቱን መታና ገባ፤ አንዳቸውም አልሳቁም። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ቁልፌ ያመጣውን ደብተርና እስክሪብቶ ከጉልበታቸው ላይ አኖረ። ጋሼ አንሥተው መለሱለት።

ከዚያ ተናገሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከጨርቁ ሥር ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። አጭር ነገር አልነበረም። መሐል ላይ ቆም ብለው አሰቡ፣ አንድ ቦታ ፈገግ አሉ፣ አንድ ቦታ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ቀጠሉ። ቁልፌ ዓይኑን ሳይነቅል ከንፈራቸውን አየ። እናታችን ያሉ መሰለው፤ እሱንም እርግጠኛ አልነበረም። ሲጨርሱ ደብተሩን ወደ ጎን አደረገ።

«ሰማሁ ጋሼ» አለ።

ጋሼ አዩት። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ከዚያ ወደ እሱ ጠጋ አሉና፣ ቀስ ብለው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩለት።