ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በእረፍት ቀኔ ቤተ ክርስቲያን አብረውኝ ለሚሄዱት ጓደኞቼ አልነገርኩም፤ ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤም ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይህንን ዘልዬዋለሁ። የአንድ ዕቃ ድምፅ መዝጋት ምን ኃጢአት አለው? እንዲያ እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። እኔ ግን ያደረግሁትን አውቃለሁ።

ሻርጃ ውስጥ አንዲት አሮጊት እንከባከብ ነበር። ማማ ነበር የምላቸው። የቀጠረችኝ ልጃቸው ማዳም ናዲያ ከባሏ ጋር ካናዳ ነው የምትኖረው። ማማን የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል፤ ቁርስ በልተው አፋቸውን ሳይጠርጉ “ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?” ይላሉ። እኔን ደግሞ የሚጠሩኝ ናዲያ ብለው ነው። መጀመሪያ ላይ “ናዲያ አይደለሁም ማማ፣ ይታይሽ ነኝ” እላቸው ነበር። በኋላ ተውኩት። ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው እጄን ይዘው “ቢንቲ፣ ልጄ” ሲሉኝ እንዴት ብዬ ላርማቸው? እናቴ ደብረ ታቦር ስትሞት ቪዛዬ እየታደሰ ስለነበር ለቀብሯ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ “ልጄ” ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ማዳም ናዲያ በዋይፋይ የሚሠራ የፎቶ ፍሬም ልካላቸው ነበር። እሷ ካናዳ ሆና ከስልኳ የላከችው ፎቶ እኛ ሳሎን ይወጣል። ማማ የልጅ ልጆቻቸው በረዶ ላይ ሲንከባለሉ አይተው ፈገግ ይላሉ፤ ማን እንደሆኑ ግን አይጠይቁም። ይህ አልከበደኝም። ፎቶ አይናገርማ።

አንድ ቀን ጠዋት ማዳም ደወለች።

“ይታይሽ፣ ፍሬሙ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። አፕዴት እናድርገው። ከእንግዲህ ድምፄን መላክ እችላለሁ። ማማም ከታች ያለውን ምልክት ነክታ ብታወራ ይደርሰኛል።”

እሷ በስልክ እየመራችኝ፣ እኔ እየነካካሁ አስተካከልነው። ድምፅዋ ላይ የነበረው ደስታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ፍሬሙ ተናገረ። “ማማ፣ ናዲያ ነኝ።” ማማ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዞሩ። ከዚያ ሳቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ተነሥተው የፍሬሙን መስታወት እየዳበሱ “ነይ፣ ግቢ እንጂ” አሉ። ቆይተው እኔን አዩኝና፣ እንግዳ እንደሚያነጋግሩት በትህትና “አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?” አሉኝ።

ወደ ማድ ቤት ሄጄ ሰሃን አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

በማግሥቱ አቧራ ስጠርግ ፍሬሙን አነሣሁት። የከፈትኩበትን ቦታ አውቀዋለሁና ድምፁን አጠፋሁት። ከዚህ ወደ እሷ የሚሄደውንም አጠፋሁት። ፎቶውን ብቻ ተውኩ። ተናድጄ ነበር ልበል? አልተናደድኩም። ረጋ ብዬ፣ እያሰብኩ ነው ያደረግሁት።

ማዳም ከሦስት ቀን በኋላ ደወለች። “ድምፄ አልደረሰም?”

“ደርሷል ማዳም። ግን ማማ ፈሩ። ሰው ሳያዩ ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ እንዲያውም አለቀሱ። ስለዚህ ዘጋሁት።”

“ዋላሂ?”

“ዋላሂ” አልኳት። ማልኩላት።

“ኸላስ፣ በቃ” አለች። “እንግዲያው እንዳትፈራብኝ እንደተዘጋ ይቆይ።”

ማማ በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉን ረሱት፤ እኔም ተመልሼ ናዲያ ሆንኩ። ስምንት ወር አብረን ኖርን። እግራቸውን ቅባት ሳሽላቸው ራሴን ይዳብሱኛል፤ ምግብ ሳጎርሳቸው መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ ይሉኛል። በእነዚያ ወራት ደስተኛ ነበርኩ። ይህንንም ልደብቅ አይገባኝም።

ሙቀቱ ሳይጀምር አንድ ማለዳ አረፉ። እንደ ደንባቸው በዚያው ቀን ተቀበሩ፤ ማዳም ናዲያ የደረሰችው በማግሥቱ ነው።

ለቀስተኛው ሲሄድ ፍሬሙን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። “መላኬን አላቆምኩም ነበር” አለችኝ። “አንድ ቀን ትለምደዋለች፣ ያኔ ትከፍችላታለሽ ብዬ።” ያልተሰሙት የድምፅ መልእክቶች ሁሉ እዚያው ተጠራቅመዋል። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። በአንዱ የሠራችውን እራት ታወራለች። በአንዱ ትንሹ ልጇ በዓረብኛ ይቆጥራል። በአንዱ ደግሞ “ማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በስሜ ጥሪኝ” ትላለች። እኔ ቆሜ ሰማሁ።

ከዚያ ተነሥታ አቀፈችኝ። “ስላላስፈራሻት እግዜር ይስጥሽ” አለች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ትከሻዋ ላይ አለቀስኩ፤ እሷም ያለቀስኩት በሐዘን መስሏት ይበልጥ አጥብቃ ያዘችኝ።

አሁን አጅማን ከተማ ሌላ ቤት እሠራለሁ። የእናት ናፍቆት ነው ያሳሳተኝ ብዬ ለመከራከር ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ግን እናቷን ሳትቀብር የቀረች ሴት ምን እንደሚሰማት ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? አውቄ ነው ያደረግሁት። ማማን ወድጃቸዋለሁ፤ የልጃቸውንም ድምፅ ከልክያቸዋለሁ። አንዱ ሌላውን አያጥበውም።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀኔ ልደውልላት ወስኛለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጀምርም፤ የምጀምረው የእሷ በሆነው ነገር ነው። ማዳም ናዲያ፣ እናትሽ አልፈሩም። ገና በመጀመሪያው ቃል አውቀውሽ ነበር።