ዳናይት የከለከለችው ልቅሶ

ዳናይት በርሄ ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች በአንዱ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ሙሽሮች የጣት ቀለበት ሲመርጡ ጣታቸውን መለካት፣ ልካቸውን ፈልጎ ማውጣት ነው። አባቷ ካረፉ ወዲህ አፍንጮ በር ካለችው ቤታቸው የምትኖረው ከእናቷ ከወይዘሮ ሓዳስ ጋር ነበር። ታላቅ ወንድሟ ሃፍቶም አዲግራት ሒሳብ ያስተምር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ በመሆኑ በየቀኑ መድኃኒት ይወጋ ነበር። ለክረምት ሲመጣ ግን እሷን ካፌ ይዟት ገብቶ ማኪያቶ ያዝዝና፣ «ስኳሩን ተይው፣ እኔ ይዤ ነው የመጣሁት» እያለ አስተናጋጇን ያስቃት ነበር።

በ2013 መስከረም ማለቂያ ላይ ወደ ሥራው ተመለሰ። ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ተነሣ፤ ስልኩም፣ መንገዱም ተዘጋ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት እናትና ልጅ አብረው አለቀሱ። ዳናይት እንቅልፍ አጣች፤ ሥራ ላይ የደንበኛ ጣት ለክታ ቁጥሩ ይጠፋባት ጀመር። አብራት የምትሠራው ሊያ ይህን አይታ አራት ኪሎ አካባቢ ወደሚሰጥ የአዎንታዊ አስተሳሰብ ሥልጠና ወሰደቻት። አሠልጣኙ ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ የሚያጽናና ወጣት ነበር። «የምትፈልጉትን ‹ይሆናል› አትበሉ፣ ‹ሆኗል› በሉ» አላቸው። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትዳስሱት ድረስ እዩት። አንድ ጥርጣሬ ካስገባችሁ ግን የገነባችሁት ሁሉ ይናዳል።»

ዳናይት ቃሉን እንደ መድኃኒት ያዘችው። በየማለዳው ደብተር ከፍታ «ሃፍቶም ደህና ነው፤ ጤነኛ ነው፤ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው» ብላ ሃያ ጊዜ ትጽፋለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ከታክሲ ሲወርድ፣ የወርቅ ቤቱን በር ገፍቶ ሲገባ፣ ትንሽ ወፍሮ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ታየዋለች። እውነትም ቀለል አላት። መተኛት ቻለች።

አንድ እሑድ ወይዘሮ ሓዳስ ምሳቸውን ገፋ አድርገው፣ «ይዞት የሄደው መድኃኒት የሦስት ወር ነበር። አሁን ስንት ወር ሆነው?» አሉ።

«አደይ፣ በማርያም እንዲህ አትበይ!» አለች ዳናይት። እናቷን በትግርኛ «አደይ» ነው የምትላቸው።

«ምን አልኩ? ጠየቅሁ እንጂ።»

«ጥያቄውም ጥርጣሬ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የሚወራው ደህና መሆኑ ብቻ ነው። ልቅሶም የለም። ልጅሽን በአፍሽ አትግደዪው።»

 ወይዘሮ ሓዳስ ሳህኑን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ እንባቸውን አይታ አታውቅም።

በ2015 ታኅሣሥ ስልክ ተከፈተ። የጎረቤት ሰው ሁሉ ዘመዱን እያገኘ እልል አለ፤ አለዚያም ጮኸ። የሃፍቶም ስልክ ግን ዝግ ነበር። «ስልኩን ጥሎት ነው» አለች ዳናይት፤ በማግስቱ በሃያው ፈንታ አርባ ጊዜ ጻፈች።

ሰኔ ላይ አንድ ከሲታ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ ወርቅ ቤቱ ገባ።

«ዳናይት ነሽ አይደል? ቁርጥ እሱን። አጽብሐ እባላለሁ። ከሃፍቶም ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነው እናስተምር የነበረው፤ የተከራየነውም አንድ ግቢ ነበር።»

 የት ነው ያለው ልትል አፏን ስትከፍት ሰውዬው ቀደማት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥር ላይ ለእናታችሁ ስነግራቸው አንቺን ሳላገኝሽ ተመለስኩ። መጻሕፍቱንና ሰዓቱን ይዤ መምጣት የቻልኩት አሁን ነው።»

«ምንድን ነው የነገርካቸው?»

አጽብሐ ፊቷን አየ። ገባው። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

አጠገባቸው አንዲት ሙሽራ ቀለበት ይዛ፣ «የዚህ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይኖራል?» ብላ ጠየቀች። ዳናይት መሳቢያውን ስባ ትልቁን አውጥታ ሰጠቻት። ከዚያ ከባንኮኒው ጀርባ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሃፍቶም የሞተው መድኃኒት አልቆ በ2014 ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን ነበር። ዳናይት ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ አራት ወር ሙሉ ጤነኛ ነው እያለች ጽፋለች።

ቤት ስትደርስ ወይዘሮ ሓዳስ ደጃፉ ላይ ነጭ ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

«አጽብሐ መጥቶ ነበር» አለች።

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጡ።

«አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ እንዴት አልነገርሽኝም?»

«የት ሆኜ ልንገርሽ? እዚህ ቤት ልቅሶ የለም አልሽ።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ጽፈሽ ስትነሺ ፊትሽ ይበራል። እንቅልፍ ትተኛለሽ። አንዱን ቀብሬ አንቺን እንዳላጣ ፈራሁ።»

«ታዲያ የት አለቀስሽ?»

«ጊዮርጊስ። ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ።» ፍትሐቱን ያስደረጉት የነፍስ አባታቸው ብቻ ባሉበት ነበር። የቀሚሳቸውን ጫፍ ገለጥ ሲያደርጉ ከውስጥ የለበሱት ጥቁር ታየ። ከጥር ጀምሮ ለብሰውት ነበር።

ዳናይት እግራቸው ሥር ተደፍታ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ሊያም መጣች፤ አንገቷን አቀርቅራ ሦስት ቀን አብራት ተቀመጠች እንጂ ስለ ሥልጠናው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዳናይትን እንቅልፍ የነሣት ግን ሌላ ሐሳብ ነበር፤ የተጠራጠርኩት የቱ ቀን ይሆን? ሁሉን የናደው የትኛው ማለዳ ነው? መልስ እንደሌለው እያወቀች ወሩን ሙሉ ፈለገችው።

እናቷ በነዚያ አምስት ወራት ብቻቸውን እንዴት እንደዋሉ ሲታሰባት ግን ፍለጋው ቆመ። ከመርዶው አርባ ቀን በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሥራ ቀርታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አደይ፣ አጽብሐ የነገረሽን ሁሉ ንገሪኝ። ምንም አታስቀሪ።»

«ይከብድሻል።»

«ይክበደኝ።»

ወይዘሮ ሓዳስ ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ይዞት የሄደውንና አልፎ አልፎ ከሆስፒታል የሚያገኘውን ጥቂት መድኃኒት ለማቆየት በቀን ሁለቴ የነበረውን አንዴ፣ ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ እንዳደረገው። ሲደክመው ወንበር ላይ ተቀምጦ የግቢውን ልጆች እንዳስተማረ። በመጨረሻው ሳምንት ውሃ ውሃ እንዳለ። ዳናይት አላቋረጠቻቸውም። ሲያለቅሱ ጠበቀች፣ ሲቀጥሉ ሰማች። ሲጨርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ሁለቱም ምሳ አልቀመሱም።