ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ የተሠራው ጊታር

ወንድም ጋሼን ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል። ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቀን ብረት ሲበይድ ይውላል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ባለ ሽቦ ክር ጊታሩን ታቅፎ ይቀመጣል። እኔ ግን አንድም ቀን ሽቦ ብዬው አላውቅም። ያሳደገኝን ሰው!

እናትና አባታችን ሲሞቱ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ፤ እሱም ቢሆን ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ። ጨለማ እፈራ ስለነበር መኝታዬ ሲደርስ ከወዲያኛው ክፍል ጊታሩን ይመታልኛል። «ይሄ ከተሰማሽ አለሁ ማለት ነው» ይለኝ ነበር። እኔም እተኛለሁ። ይኸው ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ ፀጉሬ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበትም፣ በዚያችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረን እንኖራለን። ጊታሩ ካልተሰማ ደግሞ ዛሬም ልቤ አያርፍም።

አምና የጋለ ብረት ሳያይ በግራ እጁ ጨበጠ። ተመስገን፣ ጣቶቹ ተረፉ፤ ሐኪሞቹን እግዜር ይስጣቸው። ጫፎቻቸው ግን ሳስተው ቀሩ። መዶሻውን እንደ ድሮው ይይዛል፣ የጊታሩ ሽቦ ግን ገና ጫን ሲያደርገው ያደማዋል። ሞካክሮ ሲያቅተው ጊታሩን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። በላህ ስለው በላሁ፣ ደከመህ ስለው ደህና ነኝ፤ በቃ፣ ጨዋታችን ይኸው ሆነ። አንድ ቀን እራት ላይ ጊታሩን ቅዳሜ ለሥራ ባልደረባው ሊሰጠው መሆኑን ነገረኝ። ከዚህ በኋላ ወንድሜ ምንም ነገር እንደማይጫወት ልቤ ነገረኝ።

በማግስቱ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ናይለን ክር ለጣት እንደሚለሰልስ፣ ነገር ግን ለሽቦ የተሠራ ጊታር ላይ ያን ያህል እንደማይሆን አስረዳኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም፤ ገዝቼ መጣሁ። ወንድም ጋሼ ሥራ ላይ እያለ ሽቦውን ፈትቼ ናይለኑን መግጠም ጀመርኩ። የሽቦው ጫፍ ላይ ድቡልቡል ነገር አለ፤ እሱ ነው ከውስጥ ተወትፎ የሚይዘው። ናይለኑ ጫፉ ባዶ ነው። ባጠበቅኩት ቁጥር እየሾለከ ፊቴን ሲገርፈኝ ዋለ። በኋላ ምን ትዝ ይለኛል? የሸሚዝ ቁልፍ! በየክሩ ጫፍ አንዳንድ ቁልፍ አስሬ ከጊታሩ ሆድ ውስጥ አስቀረሁት። ጥርቅም አድርጎ ያዘልኝ።

ማታ ሲመጣ ጊታሩን አውርጄ አሳቀፍኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ እንዲያም ሆኖ ጣቱን ጫን አደረገ። አልደማም። ድምፁ ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር የሚመስለው። ወንድም ጋሼ እጁን ሰዶ ቁልፎቹን ዳሰሰ፣ እኔን አየ፣ ሳቁ አመለጠው። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የጊታሩ ደረት፣ የፊቱ እንጨት፣ ሽቦ እንዲችል ተብሎ ስለወፈረ ናይለን እንደማይነቀንቀው ነገረኝ። ከዚያ ተነስቶ በሩን አንኳኳ። ጠረጴዛውን አንኳኳ። የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ላይ ሲደርስ ጆሮውን ለጠፈበት።

ቁልፌ፣ መርፌዬ፣ ዚፔ ሁሉ ተዘረገፈ። ጮህኩበት፤ ማን ሊሰማኝ! የመሳቢያውን ስስ ኮምፔንሳቶ ደረት አደረገው፣ ከድሮ አልጋችን ቋሚ አንገት ጠረበለት፣ መቃኛውን ከብሎን ሠራው። ናይለኑን ከነቁልፉ አዛውሮ ቢመታው፣ ድፍን ያለ ድምፅ። ገልብጬ ባይ ደረቱን ከውስጥ በብረት ደግፎታል። በያጅ አይደል? ብረት ያልገባበት ነገር ይቆማል ብሎ አያምንም።

«ወንድም ጋሼ፣ ለስስ ቀሚስ የሸራ ገበር ይደረጋል?» አልኩት።

«ይሰበራላ።»

«ይሰበር። ሌላ መሳቢያ አለኝ።»

አፌ ነው እንጂ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ብረቱን አውጥቶ ቀጭን እንጨት ተካበት። ያን ጊዜ ድምፁ ወጣ፤ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ከራሱ ከወንድሜ ድምፅ ጋር የሚሄድ።

ቅዳሜ ባልደረባው መጣ። ወንድም ጋሼ ሽቦውን መልሶ ገጥሞ፣ ጊታሩን ወልውሎ፣ መርቆ ሰጠው። ፊቱ ላይ ቅሬታ አላየሁም። እኔም ቁልፎቼን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። መሳቢያው በነበረበት ክፍተት ብርድ ገብቶ ጉልበቴን ሲመታኝ እንኳ አልማረርም።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ቀሚስ እየሰፋሁ ሳለ ያ የልጅነቴ ዜማ ከወዲያኛው ክፍል መጣ። እግሬን ከመርገጫው አነሳሁ። እሱም ወዲያው አቆመ።

«ምነው ቆምሽ?» አለኝ።

«ልስማህ ብዬ ነዋ።»

«ተይ፣ ስፊ። እኔም እኮ ልቤ የሚያርፈው ያንቺ መኪና ሲሰማኝ ነው።»

ይህን ሁሉ ዓመት እሱም ሲያዳምጠኝ እንደኖረ አላውቅም ነበር። ፊቴን በሰው ቀሚስ ጠራርጌ መርገጫውን ረገጥኩት።