በወፎቹ ጀርባ የታየው ግራር

ሩዋይዳ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሙሽራ ፎቶ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት። ሰዉ ሁሉ በየስልኩ መነሳት ሲጀምር ስቱዲዮዋን ዘግታ ካሜራዋን ይዛ ቤቷ ገባች። ጓሮዋ እስከ ወንዙ ድረስ ሜዳ ነው። ጠዋት ጠዋት ለወፎች በገል ውሃ ታስቀምጥና ትጠብቃለች።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አሳቋት። ድንቢጧ ቆንጆ ናት፤ ከኋላዋ ግን ቢጫ ጀሪካንና ገመድ ላይ የተሰጣ የባሏ የጣሪቅ ሸሚዝ ይታያል። «ሙሽራ መጋረጃ ፊት ማቆም ለምጄ፣ ጀርባ ማየት ረሳሁ» አለች።

ልብሱን አነሳች። ውሃውን ከቆርቆሮው አጥር አርቃ ሜዳው ላይ አኖረች፤ ጀርባው ሲርቅ ደብዝዞ ጭጋግ መሰለ። በርጩማዋንም ትታ በደረቷ ተኛች፤ ዓይኗ ከወፏ ዓይን ጋር ትክክል ሆነ። ያስቸገራት ወንዙ ዳር የቆመው ግራር ብቻ ነበር፤ ከወፏ ራስ ላይ የበቀለ ይመስላል። ፈቀቅ ስትል ከፎቶው ወጣላት። የተኛችበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረገችበት፤ ወፎቹ የሚያርፉበት እንጨትም ተከለች።

ሐምሌ ላይ ግራሩ ተመልሶ ፎቶው ውስጥ ገባ።

ድንጋዩን አየች፤ ከቦታው አልተነካም። እንጨቱም እንደተተከለ ነው። ግራ እየገባት ፈቀቅ ብላ አነሳች። ትንሽ ሰንብቶ እንደገና ገባ፤ አሁንስ አጋድሏል።

«ጣሪቅ፣ ዛፉ እየሄደ ነው።»

«ዛፍ አይሄድም። አንቺ ነሽ የተንቀሳቀስሽው።»

የድሮውንና የአሁኑን ፎቶ አሳየችው። ጣሪቅ ተነስቶ ተከተላት። ከግራሩ ወዲህ መሬቱ በረጅሙ ተሰንጥቋል። ዱላውን ቢሰድበት መጨረሻውን አላገኘም። ስንጥቁ በጎረቤታቸው በጋሼ ያሕያ ቤት ጀርባ አልፎ ይሄዳል።

የዚያኑ ቀን ፍየሎቻቸውንና አልጋቸውን አስፋልት ዳር ወዳለችው እህቷ ነዒማ ቤት አሻገሩ። ጋሼ ያሕያ ግን ሩዋይዳ ፎቶዎቹን ብታሳያቸውም ከቤቴ አልወጣም አሉ።

«ይህ ወንዝ አባቴን ያውቃል፣ ልጄ። አላህ ካለ የት ይኬዳል?»

ነሐሴ ገባ። አንድ ጁምዓ ሩዋይዳ ውሃውን ለመሙላት ወደ ጓሮዋ ተመለሰች። ሮቢት ፀሐይ ነው፤ ወንዙ በሚመጣበት በጣርማ በር ተራራ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። አንድም ወፍ አልመጣም። ጥቂት ቆይታ ፍርሃት ያዛትና ከመስጊድ ወደ ቤታቸው ወደሚመለሱት ወደ ጋሼ ያሕያ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ወፎቹ አልመጡም!»

ለፎቶው ጆሮ ያልሰጡት ሰው ቆሙ። ሰማዩን አዩ፣ አዳመጡ።

«ላሚቱን ፍቺልኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ላሚቱን ይዘው አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ገልባጭ መኪና ድንጋይ የሚደፋ የመሰለ ድምፅ መጣ። አንዲት ጠብታ ሳታርፍባቸው ወንዙ ሞልቶ ወረደ። ግራሩ እንደቆመ ትንሽ ተንሸራተተና ተኛ። መሬቱ ተከተለው፤ ከዚያ የጋሼ ያሕያ ቤት ከነማገሩ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው አልጮሁም። የላሚቱን ገመድ እንደያዙ «ኢንና ሊላሂ» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰው ብዙ አይነጋገሩም።

የሩዋይዳ ቤት አልተነካም። ወንዙ የቆረጠው ገደል ግን የወፎቹን እንጨት ወስዶ ጓሮዋ መሃል ቆሟል። ትናንት ጣሪቅ ቤቱን ሊያይ ሄዶ፣ ከደጃፋቸው ፊት፣ ከቤቱ ወደ አስፋልቱ በኩል፣ አዲስ ስንጥቅ አግኝቶ ተመለሰ። ክረምቱ ገና አልወጣም።