ያላለቀው የአጎቴ ዓይን

የሚወዱት ሰው መልክ አይረሳም ይባላል። ውሸት ነው። አጎቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም፣ መልኩ እየጠፋብኝ ነው።

አምቦ ካለው ቤቱ ደጃፍ፣ በጠዋት ፀሐይ በርጩማ ላይ አስቀምጬ በዘይት ቀለም እስለው ነበር። ብሩሼን ባስቀመጥኩ ቁጥር ተነሥቶ ሸራው ፊት ይቆማል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመረምራል።

«አና ሚቲ!» ይላል በኦሮምኛ፤ «እኔ አይደለሁም፤ ይሄ ሙሽራ ነው። ሽበቴን የት አደረስከው? ይሄን ጉንጬንስ ማን አበራው?»

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ እኮ ዞረች።»

«እሷ ትዙር! እኔን ምን አዞረኝ?»

እየተነጫነጭኩ ቀለሙን እፍቀዋለሁ፤ እሱም ተመልሶ ይቀመጣል። እንዲህ እንዲህ እያልን ፊቱ እየመጣ ነበር።

ግራ ዓይኑ ሳያልቅ ሄደ። አሁን ባዶ በርጩማ ፊት ቆሜ በትዝታ ልጨርሰው ስሞክር የራሴ ዓይን ይመጣብኛል። እሱን እያጠፋሁ ራሴን እየሳልኩ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ ደግሞ ሸራውን አይቶ «ቁርጥ እሱን!» ይላል። ይሄ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ጥቂት ከቆየን ሁላችንም ይህን የተሳሳተ ፊት እሱ ነው ብለን እናምናለን።

አጎቴን የምታውቁት ሁሉ፣ ማጽናናታችሁን ተዉትና ኑ፤ ዓይኑ የቱ ጋ እንደተበላሸ ንገሩኝ።