የልብስ ሰፊው ወገብ

ልብስ ሰፊው ሰው ሲያይ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ወገቡ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ የስንቱን ቦርጭ ሸሽጓል። ደንበኛ መጥቶ እኔ ያው ነኝ፣ አልወፈርኩም ካለው፣ ልክ ነህ፣ ጨርቁ ነው የጠበበው ብሎ ይቀልድበታል። የራሱ ወገብ ነገር ግን ቀልድ አልሆነለትም።

በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሱሪው ይወርድበት ጀመር። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ጎረምሳ ሆንክ እኮ ሲለው አብሮ ሳቀ፤ ውስጡ ግን ራደ። ምግብ አልቀነሰ፣ ስፖርት አልሠራ። እናቱም በዚሁ ዕድሜዋ እንዲሁ ያለ ምክንያት ከሳች፤ ጥቂት ዓመት ቆይታ እሱን፣ የገዛ ልጇን፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀችው።

ለሚስቱ ትንፍሽ ሳይል ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ መዘነችውና በአንድ ዓመት ስምንት ኪሎ መቀነሱን ነገረችው። ሳይፈልጉ መክሳት ከስኳርም፣ ከእንቅርትም፣ ከጥርስ ሕመምም ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ የመርሳት በሽታ ሳይታይ ዓመታት ቀድሞ ክብደት ይቀንሳል፤ መክሳት ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም ብላ በትዕግሥት አስረዳችው። ከቤተሰብ ሰው ጋር ተመልሶ እንዲመጣም ቀጠረችው። እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው መርሳት የምትለዋን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ራሱን መፈተን ያዘ። የስፌት መኪናውን እየረገጠ የድሮ ደንበኞቹን ልክ አንድ በአንድ በቃሉ ይወጣዋል፤ አንዱም አልጠፋውም። ታዲያ ምን ያስፈራኛል ይላል። ፍርሃቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ ከሰዓት የሚወርድበትን ሱሪ ሊያጠብብ ወገቡን ተረተረ። ጨርቁ ከውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። ክሩ እሱ ሰኞ የገዛው ነው፤ ጫፉ ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል፣ ሦስት ጊዜ የሚቋጥር ደግሞ በሰፈሩ ከእሱ በቀር የለም። ሚስቱ ከጎኑ ሆና የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?» አላት።

«አንተ ነህ። ረቡዕ ዕለት፣ እዚሁ ተቀምጠህ።»

«ታዲያ አሁን ስተረትረው እያየሽ ለምን ዝም አልሽ?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ፈርቼ ነው» አለችው። «ትናንትም ሌላኛውን ሱሪህን ተርትረህ ይሄንኑ ጠየቅኸኝ።»