የውሮ መኝታ

ልጅ ሳለሁ የበግ ጠጉር የምንረግጠው አመሻሽ ላይ ነበር። ያኔ ሰፈራችን ፉሪ ግማሹ እርሻ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ጤፍ ይዘራል፣ በጎቹም ወደ በረታቸው ሲመለሱ አቧራቸው እስከ መስኮታችን ይደርሳል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከባለበጎቹ ጠጉር እየገዙ፣ አጥበውና አባዝተው በእንዝርት ይፈትሉት፣ ከዚያም ሹራብና ካልሲ ሠርተው ይሸጡት ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። እናቴ ከሱቋ እስክትመለስ ድረስ ከቤታቸው የማንጠፋው እኔና ድመታቸው ውሮ ነበርን።

ብርድ የማይገባው ወፍራም ነገር ሲፈልጉ መጀመሪያ በሹራብ መርፌ ሰፋ አድርገው ይሠሩታል፤ ቀጥሎ እግር የሚችለውን ያህል የጋለ ውሃ ገበቴ ውስጥ አድርገው፣ እንዶድ መትተውበት፣ እኔን እግሬን አሳጥበው ያስገቡኛል። ስረግጠው ዐይኑ እየተደፈነ፣ እየተኮማተረ ይሄድና ክሩ ከክሩ የማይለይ አንድ ወፍራም ነገር ይሆናል። እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ተረት ያወሩልኛል። መብራት ከጠፋ ኩራዝ ይለኩሳሉ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ጭስና የእርጥብ ጠጉሩ ሽታ ተደባልቆ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

በዚያ ዓመት ነጩን ጠጉር ለብቻው አስቀምጠው ነበር። «ይሄ ለጥቅምት ብርድ የብርቄ ሹራብ ነው» ብለውኛል። ብርቄ እኔ ነኝ። ክሩ ሲፈተል አይቻለሁ፤ ኳስ ሆኖ ሲጠቀለልም በእጄ ይዤው አውቃለሁ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ግን ውሮ ሆዷ ገፋ፤ እትዬ አስካለም ነጩን ክር አንስተው ክብ ነገር መሥራት ጀመሩ።

እናቴ አይታ «እትዬ፣ ለድመት ነው ለጥጃ?» አለቻቸው።

«ቆይ ይረገጥ፤ ያኔ ታዪዋለሽ።»

እኔ አቀርቅሬ ስቀር አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ላንቺ ሌላ ይፈተላል። አንቺ እናት አለሽ፤ እሷ ገና እናት ልትሆን ነው።»

ያን ምሽት ገበቴው ውስጥ ገብቼ የገዛ ሹራቤን ለድመት ረገጥኩ። ውሃውን ስመታው ግድግዳው ድረስ ተረጨ።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ጭቃ እኮ አይደለም የምታቦኪው» አሉኝና ተረቱን ቀጠሉ።

ተረቱ የአንዲት ምቀኛ ምራት ነበር። ምራቲቱ የአማቷን ድመት በጆንያ ከታ ወንዝ አሻገረቻት፤ ድመት ውሃ ካሻገሯት የመመለሻው መንገድ ይጠፋባታልና። ድመቲቱ አልተመለሰችም። መኝታዋ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት፣ አንድ ነገር ተኝቶበት እንዳደረ ጎድጉዶና ሞቆ ይገኝ ጀመር። ምራቲቱ ፈርታ መኝታውን አቃጠለችው፤ አመዱ ሰባት ቀን ሳይበርድ ቀረ። በስምንተኛው ቀን አመዱ ሲበርድ እሷም አብራ በረደች። ከዚያ ወዲያ እሳት ውስጥ ብትገባ እንኳ የሚያሞቃት አልተገኘም።

«እውነት ነው?» አልኩ።

«ተረት ነዋ። ውሃ ማሻገሩ ግን እውነት ነው፤ እናቴም አድርጋዋለች።»

ከዚያ ሁሉ ተረት እኔ የያዝኩት ይህቺን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ ውሮን ጆንያ ውስጥ ከተትኳት። አልታገለችም፤ እጄን ታውቀዋለች። ከቤታችን በታች ያለውን ወንዝ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥኩ ተሻገርኩና ባሕር ዛፎቹ ሥር ፈታኋት። ትሸሻለች ብዬ ነበር፤ ተቀመጠች።

አመሻሽ ላይ የእትዬ አስካለ ድምፅ በየአጥሩ ሥር ይሰማ ነበር። «ውሮ… ውሮ…» ወደኔም መጡ። «አላየሻትም ልጄ?»

«አላየኋትም።»

«የምትወልድበት ጥግ ፈልጋ ይሆናል። ስትመጣ ተዘግቶ እንዳታገኘው» አሉና በራቸውን በድንጋይ ደግፈው ገርበብ አደረጉት።

በሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ጠዋት እናቴ የላከችውን ዳቦ ላደርስ ስገባ እሳቸው ጓሮ ነበሩ። መኝታው ከመደባቸው ሥር ነጭና ክብ ሆኖ ተቀምጧል። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ክንዴን አጥፌ መሐሉ ላይ ተጫንኩት፤ ጎደጎደ። ሲገቡ አዩትና ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

«መጥታ አድራለች» አሉ። ድምፃቸው ሲመለስላቸው ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጎደጎደ። እኔ እጫነዋለሁ፣ እሳቸው ደስ ይላቸዋል፣ በሩም ሳይዘጋ ያድራል። ጥቅምት ገባ፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ማየት ጀመርን። እትዬ አስካለ ሳል ያዛቸው።

እናቴ ተቆጣች። «ኧረ እትዬ፣ ዘግተው ይተኙ፤ ለጅብ ነው የሚከፍቱት?»

«ቤቷ ነው» አሉ። «በገዛ ቤቷ በር አልዘጋባትም።»

ሳሉ ሲብስ ልነግራቸው ወሰንኩ። አንድ ጠዋት ዳቦ ሳልይዝ፣ መኝታውንም ሳልነካ፣ «እትዬ፣ ውሮን እኔ ነኝ…» የሚለውን ከንፈሬ ላይ ይዤ ገባሁ። መደባቸው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። አፌን ከመክፈቴ በፊት እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው አሳዩኝ።

«ነይ እስቲ ንኪው።»

መኝታው ጎድጉዷል። እኔ አልነካሁትም። መዳፌን ጉድጓዱ ውስጥ ሳኖረው ሞቀኝ፤ ልክ አሁን ተነሥቶ የሄደ ሰውነት የተወው ዓይነት ሙቀት ነበር። ምድጃው አመድ ብቻ ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ንፋሱ እግሬን ይቆርጠኛል። እትዬ አስካለ ፊቴን እያዩ ነበር።

«ምን ልትዪ ነበር የመጣሽው?» አሉኝ።

«ምንም» ብዬ ሮጥኩ። ያን ቀን እናቴ ብርድ ልብስ ደራርባልኝ፣ ትኩስ አጥሚት አጠጥታኝም ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የወንድማቸው ልጅ መኪና ይዞ መጥቶ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው፤ ገና ሳይደርሱ ማረፋቸውን ሰማን።

ካደግኩ በኋላ መደባቸው ከመኝታው በላይ አንድ ክንድ ብቻ እንደነበር ትዝ አለኝ። እጃቸውን ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ውስጥ አሳድረውት ሊሆን ይችላል። አውቀው፣ እንድናገር መንገድ ሊከፍቱልኝ ይሆናል። ወይም እኔን ሊያጽናኑኝ። ወይም እጃቸው አልነበረም። ሦስቱንም በየተራ አምኛቸው አውቃለሁ፤ አንዱም አላሳረፈኝም።

አሁን የምንኖረው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘንድሮ ልጄ ሶስና ድመት አመጣችና መኝታ ሥሪልኝ አለችኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። የበግ ጠጉር ክር ገዝቼ ሰፋ አድርጌ ሠራሁትና መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ሳፋ ላይ ሙቅ ውሃና ሳሙና አድርጌ፣ እናትና ልጅ ቆመን እየረገጥነው ሳለ ተረት አውሪልኝ አለች። ይህን ተረት ከዚህ በፊትም ነግሬያታለሁ፤ ሁልጊዜም ወንዝ የምታሻግረው ምቀኛዋ ምራት ናት። ያን ምሽት አፌ አልታዘዘኝም።

«ምራቷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኳትና ሁሉንም፣ በሩን፣ ሳሉን፣ የሞቀውን ጉድጓድ ሳይቀር ነገርኳት። ስለ እትዬ አስካለ የምትለኝን እጠብቅ ነበር፤ ለዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ።

ሶስና መርገጧን አቆመች። «ድመቷስ? የት ወለደች?»

ሞቆ የጠበቀኝን መኝታ ዕድሜ ልኬን ስፈራ፣ ውሮ የተኛችበትን የወንዝ ማዶ ብርድ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ለልጄ ብስኩት ገዝቼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስኖር ያልጠየቅኩትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

«ሄደሽ አላየሻትም?»

«አልሄድኩም።»

ልጄ እግሯን ከሳፋው አወጣች፤ በፎጣ አደራረቀችና ወደ ድመቷ ሄደች። የቀረውን ለብቻዬ ረገጥኩት።